ግራ እጄ ጀሶ ውስጥ እያለ በማውስ ብቻ እንዴት እንደሰራሁ

ግራ እጄ የተሰበረው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ስንመጣ ባጃጇ ተገለበጠችና በግራ ክንዴ አስፋልት ላይ አረፍኩ። እናቴ ወጌሻ ጋ ካልሄድን ብላ ብትለምነኝም ራጅ ሳልነሳ የትም አልሄድም ብዬ ሆስፒታል ወሰዱኝ፣ ከመዳፌ እስከ ክርኔ በላይ ጀሶ ታሰረልኝና ጣቶቼ ብቻ ጫፋቸው እየታየ ወደ ቤት ተመለስኩ። ስለ አደጋው ይሄ ይበቃል። መፃፍ የፈለግኩት ከዛ በኋላ ስለመጣው ነው፣ ምክንያቱም እኔ ስፈልግ በአማርኛ የፃፈ ሰው አላገኘሁም፣ እጁ ተጎድቶ ኮምፒውተር ላይ መስራት ግዴታ የሆነበት ሰው ደግሞ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።

የምሰራው እዚሁ ድሬዳዋ ትራንዚተር (የጉምሩክ አስተላላፊ) ቢሮ ውስጥ ነው። ስራውን ለማታውቁት፣ ቀኑን ሙሉ ብራውዘር ላይ ነው ምንውለው። ጅቡቲ የደረሰ ኮንቴይነር የት እንዳለ የመርከብ ድርጅቱ ገፅ ላይ ማየት አለ፣ ሲንግል ዊንዶው የሚባለው የመንግስት ገፅ ላይ ዶክመንት መጫን አለ፣ የእቃ ኮድ መፈለግ፣ ባንክ፣ ኢሜይል፣ ደንበኛ በቴሌግራም የላከውን ኢንቮይስ አውርዶ ማየት፣ ሁሉም በየራሱ ታብ ይከፈታል፣ ከሰዓት ላይ ስክሪኑ ጫፍ ላይ ታቦቹ ከመደራረባቸው የተነሳ ስማቸው አይነበብም። ይሄን ሁሉ በፊት እሰራ የነበረው ግራ እጄ ኪቦርድ ላይ ቀኝ እጄ ማውስ ላይ ሆኖ ነው፣ ኮንትሮል ቲ አዲስ ታብ፣ ኮንትሮል ደብሊው መዝጋት፣ አልት ከግራ ቀስት ጋር ወደ ኋላ መመለስ። ጣቴ ራሱ ነበር ሚያስበው ማለት ይቻላል።

ጀሶው ታስሮ ቢሮ ስመለስ ያ ሁሉ ቀረ። ቀኝ እጄ ለእያንዳንዱ ነገር ማውሱን ለቆ ኪቦርድ ላይ ይሄዳል፣ ተመልሶ ማውሱን ይፈልጋል፣ ወይም ደግሞ ያችን ትንሽዬ የታብ መዝጊያ ኤክስ ለማግኘት ስክሪኑን አቋርጦ ወደ ላይ ይወጣል። አንዴ ቢሆን ምንም አይደለም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሲደጋገም ማታ ላይ ቀኝ ትከሻዬ ከተሰበረው እጄ በላይ ያመኝ ጀመር። ኃላፊያችን ጥሩ ሰው ናቸው፣ "ልጄ ግዴለም ቀስ በይ" ይሉኛል፣ ግን ኮንቴይነር ቀስ አይልም፣ ነፃ ጊዜው ካለፈ በቀን በቀኑ ይከፈልበታል፣ ደንበኛም ስልክ ላይ ነው።

መጀመሪያ የረዳኝ ነገር ስቲኪ ኪስ ነው፣ ዊንዶውስ ውስጥ ራሱ አለ። ሺፍትን አምስት ጊዜ ስትጫኑ ልክፈተው ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፣ እሺ ካላችሁት ኮንትሮልን ተጭናችሁ ለቃችሁ ቀጥሎ ቲ ስትጫኑ ሁለቱን አብራችሁ እንደተጫናችሁ ይቆጥረዋል። አንድ እጅ ላለው ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ ዛሬውኑ ክፈቱት። ግን እጄን ከማውሱ ከማላቀቅ አላዳነኝም።

የገላገለኝ መጋላ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን የሰፈሬ ልጅ ነው። ላፕቶፔን ልቀበል ሄጄ በአንድ እጄ ስሰቃይ አይቶኝ "አቦ ምን አለፋሽ፣ ማውሱ ብቻውን ሁሉን ይሰራልሽ የለ እንዴ" አለኝና የራሱ ኮምፒውተር ላይ አሳየኝ። ራይት ክሊክን ተጭኖ ሳይለቅ ማውሱን ትንሽ ወደ ግራ ሳበው፣ ለቀቀው፣ ገፁ ወደ ኋላ ተመለሰ። ወደ ታች ሳበው፣ አዲስ ታብ ተከፈተ። ወደ ታች ወርዶ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ታቡ ተዘጋ። እጁ ከቦታው ንቅንቅ አላለም፣ ጠቋሚው የትም ቢሆን ይሰራል፣ ኤክስ መፈለግ የለም። ማውስ ጀስቸር የሚሉት ይሄን ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ ኦፔራ የሚባለው የኖርዌይ ብራውዘር እ.ኤ.አ. በ2001 አስገብቶታል፣ እኔ ግን ስንት ዓመት ብራውዘር ላይ ተጥጄ ስውል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ቢሮ ተመልሼ መጀመሪያ የከፈትኩት ክሮምን ነው። ክሮም በራሱ ይሄ ነገር የለውም፣ ኤክስቴንሽን የሚሉትን ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል። ልጭን ስል የወጣው መልዕክት ግን አስቆመኝ፣ በምትጎበኚያቸው ድረገፆች ሁሉ ላይ ያለውን ዳታ ማንበብና መቀየር ይችላል ይላል። በግልፅ ለመናገር ኤክስቴንሽኑ ይሄን ፈቃድ የሚጠይቀው ያለሱ መስራት ስለማይችል ነው፣ የማውሱን እንቅስቃሴ የሚያየው እያንዳንዱ ገፅ ውስጥ ገብቶ ስለሆነ። ግን እኔ የምከፍተው ባንክ ነው፣ የሰው የንግድ ፈቃድና የግብር ቁጥር ነው፣ የደንበኛ ኢንቮይስ ነው። ማን እንደሰራው ለማላውቀው ነገር ያን ሁሉ ልከፍትለት አልፈለግኩም። እናንተም የሰው ወረቀት የምትይዙ ከሆነ፣ ፓስፖርት የምትሞሉ፣ ዲቪ የምትሞሉ፣ የደመወዝ ስራ የምትሰሩ፣ እዚህች ጋር ቆም በሉ። ኤክስቴንሽን ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል፣ ዛሬ ጥሩ ሰው የሰራውን ነገ ሌላ ሊገዛው ይችላል፣ ፈቃዱ ግን እናንተ አንዴ የሰጣችሁት ነው።

ስለዚህ ጀስቸር አብሮት የተሰራ ብራውዘር ፈለግኩ፣ ለውጡ የመጣውም በዚህ ነው። ሶስት አማራጭ አለ። አንደኛው ኦፔራ ራሱ ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማውስ ጀስቸር የሚለውን ታበሩታላችሁ። ሁለተኛው ቪቫልዲ ነው፣ ኦፔራን ከመሰረቱት አንዱ ዮን ፎን ቴትስችነር ከዛ ከወጣ በኋላ ያቋቋመው ድርጅት የሰራው ነው፣ የመጀመሪያው ሙሉ እትም እ.ኤ.አ. 2016 ላይ ወጣ። ሶስተኛው ዊንዶውስ ላይ አብሮ የሚመጣው ኤጅ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ጀስቸር ገብቶለታል፣ ሴቲንግ ውስጥ ማውስ ጀስቸር ብላችሁ ፈልጉት። የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ምንም መጫን የማይፈቀድላችሁ ሰዎች ኤጅን ሞክሩ፣ ያለ ነገር ስለሆነ ማንንም አታስፈቅዱም።

እኔ ቪቫልዲን መረጥኩ። ምክንያቱ ደግሞ ቅርፆቹን እንደፈለግሽ መቀየር ትችያለሽ፣ ይሄን አጥፊ፣ ያን ጨምሪ፣ ይሄ ቅርፅ ይሄን ይስራ ማለት ይቻላል። ይሄ ነገር ለእኔ ስራ ወሳኝ እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ፣ እመጣበታለሁ።

ስትጀምሩ አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ለመያዝ አትሞክሩ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፣ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ሪሎድ (ገፁን እንደገና መጫን) ነው፣ ይሄ መስኮት ያሳንሳል፣ ያ ያባዛል፣ ሁሉንም ይዤ ልሂድ ያለ ሰው በማግስቱ ሁሉንም ትቶ ወደ ድሮው ይመለሳል፣ ቢሮ ውስጥ አይቻለሁ። እኔ የጀመርኩት በሶስቱ ነው፣ ወደ ኋላ፣ አዲስ ታብ፣ ታብ መዝጋት። እነሱ እጄ ውስጥ እስኪገቡ ሌላ አልነካሁም። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያደገ ልጅ በቀጫጭኖቹ መንገዶች ሲሄድ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ አያስብም፣ እግሩ ያውቀዋል፣ ይሄም እንደዛ እስኪሆን ነው መጠበቅ ያለባችሁ። ከዛ አራተኛ የጨመርኩት የተዘጋ ታብን መልሶ መክፈት ነው፣ ይሄን እንዳትረሱ፣ ምክንያቱም መዝጋት ቀላል ሲሆን ያለአግባብ መዝጋትም ቀላል ይሆናል።

ከቅርፆቹ ሌላ ሁለት ነገሮች አሉ ብዙ ሰው የማያውቃቸው። አንዱ ሮከር ይሉታል፣ ምንም መሳብ የለበትም፣ ራይት ክሊኩን ይዛችሁ ሌፍቱን ስትጫኑ ወደ ኋላ፣ ሌፍቱን ይዛችሁ ራይቱን ስትጫኑ ወደ ፊት። እጅ ለደከመው ሰው ከመሳብ ይሄ ይቀላል። ሁለተኛው ራይት ክሊኩን ይዞ ጎማውን ማሽከርከር ነው፣ ከታብ ወደ ታብ ያሻግራል። ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የቆጠበልኝ ይሄ ነው፣ ኮንቴይነር ቁጥር ከአንዱ ገፅ ኮፒ አድርጌ ሌላው ላይ ለመለጠፍ ታቦቹን አንድ በአንድ እያነበብኩ መፈለግ ቀረ። ሁለቱም ቪቫልዲና ኦፔራ ላይ አሉ፣ ካልሰሩላችሁ ሴቲንጉ ውስጥ ጠፍተው ይሆናል፣ ገብታችሁ አብሯቸው። ደግሞ ጀስቸር ባይኖራችሁም እንኳ የየትኛውም ማውስ ጎማ ራሱ በተን (የሚጫኑት ቁልፍ) ነው፣ ሊንክ ላይ ጎማውን ስትጫኑት በአዲስ ታብ ይከፍታል፣ ታቡ ላይ ስትጫኑት ይዘጋል። ይሄን ክሮምም ያደርገዋል፣ ምንም ሳትጭኑ።

አሁን ጀስቸር ወደሚያመጣው አደጋ ልምጣ፣ ፎርም የምትሞሉ ሰዎች ይሄን በደንብ አንብቡት። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ሁለት እጇም ደህና ነው ግን ፍጥነቴን አይታ እኔም ልሞክር አለችና ቪቫልዲን ጫነች። አንድ ቀን ረጅም ፎርም እየሞላች ቁጥር ለመለጠፍ ራይት ክሊክ ስታደርግ እጇ ትንሽ ወደ ግራ ተንሸራተተ። ብራውዘሩ ሜኑ መክፈቱን ትቶ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ከምሳ በፊት ጀምራ የሞላችው ሁሉ ጠፋ። እንባዋ መጣ፣ እውነቷን ነው። የሆነውም ይሄ ነው፣ ወደ ኋላ መመለስ ከሁሉም ቅርፅ ቀላሉ ነው፣ አንድ ትንሽ መሳብ ብቻ፣ ስለዚህ ሳይታሰብ የሚመጣውም እሱ ነው።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ሪሎድ እንዳታደርጉ። ምንም ሳትነኩ ወዲያው ወደ ቀኝ ስባችሁ ወደ ፊት ሂዱ። ብራውዘሮች አሁን የተዋችሁትን ገፅ ለትንሽ ጊዜ ሜሞሪ ላይ እንዳለ ያስቀምጡታል፣ ፋየርፎክስ ከ2005 ጀምሮ፣ ክሮም ኮምፒውተር ላይ ከ2021 ጀምሮ ይሄን ያደርጋል፣ በእነሱ አቆጣጠር ነው ዓመቱ። እድለኛ ከሆናችሁ የፃፋችሁት እንዳለ ይጠብቃችኋል። ሁሉም ገፅ ላይ ግን አይሰራም፣ በተለይ ሎግኢን የሚጠይቁ የመንግስትና የባንክ ገፆች ላይ አትተማመኑበት።

ስለዚህ ከመሆኑ በፊት ነው መከላከል። ቪቫልዲ ሴቲንግ ውስጥ ማውስ የሚለው ጋ ቅርፅ ለመሆን ስንት ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) መሳብ እንዳለበት መወሰን ይቻላል፣ ቁጥሩን ከፍ ስታደርጉት ትንሽ መንሸራተት እንደ ጀስቸር አይቆጠርም። ከሱ በላይ ግን ያዳነን ቅርፁን ራሱን መቀየር ነው። ወደ ግራ ብቻ መሳብ የሚለውን አጠፋሁትና ወደ ኋላ መመለሻውን ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ግራ መታጠፍ አደረግኩት። ሁለት አቅጣጫ ያለው ቅርፅ ሳያስቡት አይመጣም። መዝጊያው ከመጀመሪያውም ሁለት አቅጣጫ ስለሆነ አልነካሁትም። ከዛ በኋላ ቢሯችን ውስጥ በዚህ ምክንያት የጠፋ ፎርም የለም። ቅርፅ ጀምራችሁ ሀሳባችሁን ከቀየራችሁ ደግሞ አትደንግጡ፣ በተኑን ሳትለቁ ማውሱን ዝም ብላችሁ ሞንጨርጨር አድርጉና ልቀቁ፣ ቅርፁን ስለማያውቀው ምንም አያደርግም።

እቤት ላፕቶፔ ላይ ፋየርፎክስ ነው ያለኝ፣ ባንክ ምናምን እዛ ላይ ስለማልከፍት ኤክስቴንሽን ጫንኩ፣ ጀስቸርፋይ የሚባል፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ። ደስ የሚለው ስትስቡ መስመሩን ስክሪኑ ላይ ይስልላችኋል፣ ሊሰራ ያለውንም ይፅፍላችኋል፣ ለጀማሪ ጥሩ መማሪያ ነው። ግን ኤክስቴንሽን ሁሉ የሚጋራው ችግር አለ፣ ሳታውቁት ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳታጠፉት። አንደኛ ስትጭኑት ቀድመው የተከፈቱ ታቦች ላይ ላይሰራ ይችላል፣ ሪሎድ አድርጓቸው። ሁለተኛ የብራውዘሩ የራሱ ገፆች ላይ፣ ሴቲንግ፣ ኤክስቴንሽን የሚወርድበት ገፅ፣ እዛ ላይ አይሰራም፣ ብራውዘሩ ለደህንነት ብሎ ነው የሚከለክለው። ክሮም ላይ ፒዲኤፍ የተከፈተበት ታብም እንደዛው ነው። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ደግሞ ገፁ ገና ሳይከፈት የምትስቡት ቅርፅ ሰሚ የለውም፣ ትንሽ ጠብቁት። አብሮ የተሰራ ሲሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም ማለት ይቻላል፣ እኔ ለስራ አብሮ የተሰራውን ምረጡ የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ከአንዱ ብራውዘር ወደ ሌላው ስትሄዱ ቅርፁ አንድ አይነት እንዳይመስላችሁ። ኦፔራና ቪቫልዲ ይቀራረባሉ፣ ኤጅ ላይ ግን ወደ ታች መሳብ አዲስ ታብ አይከፍትም፣ ገፁን ነው ወደ ታች የሚያወርደው። ሁለት ኮምፒውተር የምትጠቀሙ ሁለቱንም አንድ አይነት አድርጋችሁ አስተካክሏቸው፣ አለበለዚያ እጃችሁ ይምታታል።

ስለ ማውሱ ራሱ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ድሬ ነው ያለነው። የቢሮዬ ጠረጴዛ መስታወት ነበር፣ የማውሱ መብራት መስታወት ላይ በደንብ አያነብም፣ ጠቋሚው ይዘላል፣ ቀጥ ያለው መስመር ይጣመምና ቅርፁ ሌላ ይሆናል። ማውስ ፓድ አድርጉበት፣ ከሌለ ወፍራም ወረቀት ይበቃል። አቧራው ከስር ያሉት እግሮች ላይ ይጋገራል፣ በየጊዜው ጥረጉት። ሙቀቱ ሲበረታ እጅ ያልባል፣ በተኑ ላይ ጣት ይንሸራተታል፣ ማድረቂያ ጨርቅ አጠገባችሁ ይኑር። እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ ማውስ ስትገዙ ደግሞ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ራይት ክሊኩን ይዛችሁ ስባችሁ ሞክሩት። ሰው ሁሉ ሚሞክረው ሌፍቱን ነው። ያረጀ ወይም ደካማ በተን መሀል ላይ ለአንድ አፍታ ይለቃል፣ ያኔ ቅርፁ ይቆረጥና ሜኑ ይከፈትባችኋል፣ እናንተ ሶፍትዌሩ ላይ ትናደዳላችሁ፣ ችግሩ ግን ማውሱ ነው። ላፕቶፕ ታችፓድ ላይ በአንድ እጅ ራይት ክሊክ ይዞ መሳብ በጣም ይከብዳል፣ በሱ ራሳችሁን አታሰቃዩ፣ ርካሽም ቢሆን ማውስ ግዙ።

የተሰበረው ቀኝ እጃችሁ ከሆነም ይሰራል። ማውሱን ወደ ግራ አዙሩት፣ ዊንዶውስ ላይ በተኖቹን ማቀያየር ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ሳትቀያይሩ ሞክሩት፣ አንዳንዱ ሰው እንደዛው ይቀለዋል። ጀስቸርፋይ ላይ ደግሞ በየትኛው በተን ልሳብ የሚለውን መምረጥ ይቻላል፣ ራይቱ ካስቸገራችሁ ጎማውን ማድረግ ትችላላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከልቤ ልስጣችሁ። ስራው ሁሉ ወደ አንድ እጅ ሲመጣ ያ እጅ ይጎዳል። ፍጥነቴ ተመለሰ ብዬ ደስ ብሎኝ ሳለ የቀኝ እጄ መሀል ጣት ማታ ማታ መደንዘዝ ጀመረ፣ ቀኑን ሙሉ በተኑን የሚይዘው እሱ ስለሆነ። ከዛ ነው መስመሮቹን ያሳጠርኳቸው፣ ብዙ ሰው ጠረጴዛውን ሙሉ ይስባል፣ አያስፈልግም፣ የጣት ስፋት ያህል ይበቃል፣ አጥብቆ መያዝም አያስፈልግም። ወደ ኋላና ወደ ፊቱን ወደ ሮከር አዞርኩ፣ ክርኔ ጠረጴዛው ላይ እንዲያርፍ ወንበሬን ከፍ አደረግኩ። ለቀቀኝ። የእናንተ ካልለቀቀ፣ መደንዘዙ ወደ ክንድ ከወጣ፣ ሴቲንግ ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ያ እጅ ያላችሁ ብቸኛ እጅ ነው በዛን ሰዓት።

ጀሶው ከተፈታ ቆይቷል፣ ግራ እጄም ቀስ እያለ ጉልበቱ ተመልሷል። ጀስቸሩን ግን አልተውኩትም፣ ኮንትሮል ደብሊው ራሱ ለመፃፍ ካልሆነ አሁን ትዝ አይለኝም። አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ቅርፆቻችሁን ፎቶ አንስታችሁ ያዙት፣ ጀስቸርፋይ ከሆነ ሴቲንጉን በፋይል ማውጣት ይቻላል፣ ፋይሉን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ኮምፒውተር ፎርማት ሲደረግ እኮ ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ በአንድ እጅ ደግሞ እንደገና ማስተካከል በጣም አድካሚ ነው።